የመጀመሪያዋን ናሮውቦት መግዛትና ለካናል ጉዞ ማዘጋጀት

እንግሊዝ አገር ናሮውቦት፣ ማለትም በሰው እጅ በተቆፈሩ የውሃ መንገዶች (ካናሎች) ላይ የምትሄድና ሰው የሚኖርባት ጠባብና ረጅም የብረት ጀልባ፣ ለመግዛት የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ሳሎኑ ላይ ነው፦ የእንጨቱ ግድግዳ፣ የብረት ምድጃው፣ አዲስ የተቀባው ወጥ ቤት። ገንዘቡ ግን ያለው ከውሃው በታች ነው። ግድግዳ በአንድ ቅዳሜና እሁድ ይቀባል፤ ዝገት የበላው ላሜራ ግን ጀልባዋ ከውሃ ወጥታ፣ አንዳንዴም የውስጡ እንጨት ተነስቶ፣ በብየዳ ካልሆነ አይድንም። ዋጋውም በሺህ የሚቆጠር ፓውንድ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ረዘም ብለን የምንቆየው በማይታየው ክፍል ላይ ነው።

ልኩን መጀመሪያ ይወስኑ

የናሮውቦት ስፋት 2.08 ሜትር ነው። ይህን የወሰኑት ሎኮቹ ናቸው። ሎክ ማለት ጀልባን ከአንዱ የውሃ ከፍታ ወደ ሌላው የሚያነሳ ወይም የሚያወርድ፣ በሁለቱም ጫፍ በር ያለው የግንብ ጉድጓድ ነው። መሐንዲሱ ጄምስ ብሪንድሊ በ1760ዎቹ የትሬንት ኤንድ መርሲን ካናል ሲቀይስ ሎኮቹን ጠባብ አደረጋቸው፤ አብዛኞቹ የመካከለኛው እንግሊዝ ካናሎችም ያንኑ ልክ ተከተሉ። ጠባቡ ሎክ 2.13 ሜትር ገደማ ይሰፋል። ጀልባዋ ከገባች በኋላ በሁለቱ ጎን ተደምሮ የሚተርፈው አምስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ይህን ቁጥር ኋላ ላይ ይፈልጉታል።

ርዝመቱ የምርጫ ጉዳይ ነው። ገበያው የሚናገረው በጫማ ስለሆነ አንድ ቁጥር ይያዙ፦ 57 ጫማ፣ ማለትም 17.4 ሜትር። ከዚህ የረዘመች ጀልባ በሰሜን እንደ ካልደር ኤንድ ሄብል ባሉ አጫጭር ሎኮች ለማለፍ ትቸገራለች። 57 ጫማ ግን አገሩን ሁሉ ማለት ይቻላል ታዳርሳለች፤ ለሁለት ሰው መኖሪያም ትበቃለች።

የኋላው ቅርጽ ሦስት ዓይነት ነው። ክሩዘር የሚባለው ሰፊ ክፍት መቆሚያ አለው፤ ሞተሩ ከወለሉ ስር ስለሆነ ለጥገና ይመቻል፣ ነገር ግን ዝናቡ ወደ ሞተር ክፍሉ ይወርዳል። ትራዲሽናል የሚባለው ሞተሩንም ነጂውንም ከብርድ ይከልላል፤ መቆሚያው ግን ለአንድ ሰው ነው። ሴሚ-ትራድ መሃል ላይ ያለ ሲሆን ግራና ቀኙ ግድግዳ ስላለው ትናንሽ ልጆች ላሉት ቤተሰብ የምንመክረው እሱን ነው።

መጸዳጃ ቤቱን ችላ አይበሉት። ካሴት የሚባለው 20 ሊትር ገደማ የሚይዝ ተንቀሳቃሽ ሳጥን ነው፤ ለሁለት ሰው ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ይሄዳል፣ ኤልሳን በሚባሉት የመድፊያ ጣቢያዎችም ይደፋል። ፓምፕ-አውት የሚባለው ትልቅ ታንክ ሲሆን ጀልባዋን ወደ ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ ወደብ) ነድቶ፣ ከፍሎ ማስመጠጥ ይጠይቃል። በብርዱ ወራት ካናሉ በረዶ ሲሠራ ጀልባዋ መንቀሳቀስ አትችልም፤ ታንኩ ግን መሙላቱን አያቆምም። ለጀማሪ ካሴት፣ ከነመለዋወጫው።

ለማየት ሲሄዱ

ሻጩን አስቀድመው አንድ ነገር ይለምኑት፦ ሞተሩን እንዳያስነሳው። ሲደርሱ እጅዎን ሞተሩ ላይ ያሳርፉ። ሞቆ ካገኙት ሌላ ቀን ይቅጠሩ፤ ችግር ያለበት ሞተር የሚታወቀው ከቅዝቃዜ ሲነሳ ነው። ሲነሳ ጭሱን ይመልከቱ። ለትንሽ ጊዜ የሚታይ ነጭ ጭስ ያለ ነው። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማይጠፋ ነጭ ጭስ ግን ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይም ወደ ሲሊንደር የሚገባ ውሃ ነው። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ጥቁር ከሆነ ሞተሩ ከብዶታል ወይም አየር አጥሮታል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘው ይዩት፤ ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ተቀላቅሎበታልና ወደሚቀጥለው ጀልባ ይሂዱ። ገመዱ እንደታሰረ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማርሽ አስገብተው ፕሮፔለሩን (ጀልባዋን የሚገፋውን ተሽከርካሪ) የሚያዞረው ዘንግ ሲንቀጠቀጥ ወይም ሲያንኳኳ ያዳምጡ።

ከዚያ ወደ ካቢኑ የኋላ ጫፍ ሄደው ምንጣፉን ያንሱ። ወለሉ ላይ ትንሽ የመፈተሻ ክዳን አለ። ጀልባዋ ኋላዋ ዝቅ ስለሚል ከቧንቧ፣ ከመስኮት፣ ከገላ መታጠቢያ የሚፈስ ውሃ ሁሉ ተንሸራቶ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። አንድ ቁራጭ የወጥ ቤት ወረቀት አውርደው በዱላ ይጫኑት። ደርቆ ከተመለሰ ጥሩ ነው። ርሶ ከተመለሰ ውሃው ከየት እንደመጣ ሻጩ ያስረዳ፤ ላሜራው ከውስጥ በኩል የሚበላው በዚህ ውሃ ነው፣ ውጭ የተቀባ ሬንጅም አያድነውም። የመፈተሻ ክዳን ጭራሽ ከሌላት ያንን ወለል ከተሠራ ጀምሮ ያየው ሰው የለም ማለት ነው።

ቀብድና ሰርቬይ

በዋጋ ሲስማሙ የተለመደው ቀብድ 10 በመቶ ነው። ከመክፈልዎ በፊት ውሉ ላይ ሽያጩ በሰርቬይ (ባለሙያ በሚያደርገው የጀልባ ምርመራ) ውጤት ላይ የተመሠረተ መሆኑ፣ ጉድለት ቢገኝ ቀብዱ በምን ሁኔታ እንደሚመለስ፣ ከእሱ ላይ ምን እንደሚቀነስ በጽሑፍ ይስፈር። በደላላ በኩል ከሆነ ገንዘቡ የሚቀመጠው በድርጅቱ መደበኛ ሒሳብ ሳይሆን ለደንበኞች በተለየ ሒሳብ መሆኑን ይጠይቁ። ደላላ ነኝ ለማለት እዚህ አገር ልዩ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ድርጅቱ ቢከስር ገንዘብዎ ከዕዳው ጋር እንዳይቀላቀል የሚያደርገው ያ ሒሳብ ነው።

ሰርቬየሩን እርስዎ ይቅጠሩት፤ ሻጩ የጠቆመውን አይውሰዱ። የኢንተርናሽናል ኢንስቲትዩት ኦፍ ማሪን ሰርቬይንግ ወይም የያት ዲዛይነርስ ኤንድ ሰርቬየርስ አሶሲዬሽን አባል መሆኑን፣ የሙያ ተጠያቂነት ኢንሹራንስ እንዳለው ያረጋግጡ። ሻጩ «የቅርብ ጊዜ ሰርቬይ አለኝ» ቢልዎ ተቀብለው ያንብቡት፤ ግን አይደገፉበት፤ ሰርቬየር ተጠያቂነቱ ለቀጠረው ሰው ነው። ጀልባዋን በክሬን ወይም በድራይ ዶክ (ጀልባ ከገባ በኋላ ውሃው በሚወጣለት ገንዳ) ከውሃ ማውጣት የገዢ ወጪ ነው። ለሰርቬዩ ብቻ ከ500 እስከ 1,000 ፓውንድ ይያዙ። በዚህ ሁሉ ሒደት ውስጥ ከዚህ የተሻለ ቦታ የሚውል ገንዘብ የለም።

አሁን ስለ ብረቱ። ማስታወቂያ ላይ 10/6/4 የሚል ካዩ ሲሠራ የወለሉ ላሜራ 10፣ የጎኑ 6፣ የካቢኑ 4 ሚሊ ሜትር ነበር ማለት ነው። ሰርቬየሩ ሬንጁን እየፋቀ በድምፅ ሞገድ በሚሠራ መለኪያ ብዙ ነጥብ ላይ ውፍረቱን ይለካል፣ በመዶሻም ያንኳኳል። ብዙ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚያሰምሩት መስመር 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዚያ ከሳሳ ሙሉ ሽፋን ይከለክላሉ ወይም ብየዳ ይጠይቃሉ።

ሪፖርቱን ሲያነቡ በአማካዩ አይጽናኑ። ናሮውቦትን የሚያሰምጠው በእኩል መሳሳት ሳይሆን ጉድጉድ እያለ የሚበላው ዝገት ነው። አማካዩ 5.7 የሆነ ጎን ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል የጠለቀ ጉድጉድ ቢኖር እዚያች ነጥብ ላይ የቀረው 3.2 ነው። ስለዚህ «ጥልቁ ጉድጉድ ስንት ነው? የት ነው?» ብለው ሰርቬየሩን በአፍ ይጠይቁት። በብዛት የሚገኘው ሦስት ቦታ ነው። አንደኛው የውሃው መስመር ነው፤ አየርና ውሃ ስለሚፈራረቁበት ዝገቱ እዚያ ይፈጥናል። ሁለተኛው ጎኑና ወለሉ የሚገናኙበት የታችኛው ጠርዝ ነው፤ ከዳርቻው ድንጋይ ጋር ሲፋተግ ሬንጁ መጀመሪያ የሚነሳው ከዚያ ነው። ሦስተኛው ኋላ፣ ፕሮፔለሩ አካባቢ።

አንዳንድ ጀልባ በጥቂት ዓመት ውስጥ ተበልቶ ሲገኝ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ኤሌክትሪክ ነው። ጀልባዋ ማሪና ውስጥ በገመድ ከየብስ መብራት ስትሰካ የመሬት ሽቦው የእርሷን ቀፎ (የብረት አካሏን) ከጎረቤቶቿ ቀፎ ጋር ያገናኛል፤ ውሃው ደግሞ እንደ ባትሪ አሲድ ያገለግላል። ያኔ የአንዷ ብረት ለሌሎቹ መሥዋዕት ይሆናል። መፍትሔው በመሬት ሽቦው ላይ የሚገባ ጋልቫኒክ አይሶሌተር የተባለ ዕቃ ነው። ከሌላት ሳይሰኩ በፊት ያስገቡላት። ቀፎው ላይ የተበየዱት የማግኒዚየም አኖዶችም ከብረቱ ቀድመው እንዲበሉ የተቀመጡ ናቸው፤ ከግማሽ በላይ ካለቁ ያስቀይሩ። ምንም ያልተነካ አኖድ ካዩም ይጠይቁ፤ ወይ አዲስ ነው፣ ወይ ሥራውን እየሠራ አይደለም።

ለሽያጭ ሲባል በዚያው ሰሞን ሬንጅ የተቀባች ጀልባ ጉድጉዱ ተሸፍኖባት ሊሆን ስለሚችል ሰርቬየሩ በደንብ እንዲፍቅ ይንገሩት። በላይዋ ላሜራ የተደረበባት ከሆነም መድረቡ በራሱ ነውር አይደለም። ነገር ግን ክብደት ስለሚጨምር ጀልባዋ ወደ ውሃው ዝቅ ትላለች፤ የኋላ ማፍሰሻዎቿና የአየር ቀዳዳዎቿም ወደ ውሃው ይቀርባሉ። ከውሃው እስከ ዝቅተኛው ቀዳዳ 25 ሴንቲ ሜትር እንዲኖር ይመከራል፤ ይለኩት።

ጀልባዋን ከገዟት፣ ለማውጫው አንዴ ስለከፈሉ ሬንጁን እዚያው ያስቀቡ። በከፍተኛ ግፊት ውሃ ታጥባ፣ ደርቃ፣ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ትቀባለች። ተራው ሬንጅ በየሁለትና ሦስት ዓመቱ ይታደሳል። ኤፖክሲ የሚባለው ይበልጥ ይቆያል፤ ግን ብረቱ እስኪነጣ ካልተፋቀ አይዝም፣ በአሮጌ ሬንጅ ላይ ከተቀባ ተላቆ ይወድቃል።

ወረቀቱ

ጀልባ እንደ መኪና ሊብሬ የላትም። የባለቤትነት ማስረጃዎ የተፈረመ የሽያጭ ሰነድና ከእርሱ በፊት የነበሩት የሽያጭ ሰነዶች ሰንሰለት ነው። ሻጩ እርሱ ራሱ ሲገዛ የተቀበለውን ያሳይ፤ ስሙና የመታወቂያው ስም አንድ ይሁን፤ በጀልባዋ ላይ የብድር ዕዳ እንደሌለ በጽሑፍ ያረጋግጥ። ከሰኔ 1998 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በኋላ ለተሠሩት የአምራቹ የደኅንነት መግለጫና ቀፎው ላይ የተቀረጸ መለያ ቁጥር ሊኖር ይገባል።

ከመንዳትዎ በፊት የሚያስፈልጉት ሦስት ናቸው። አንደኛው በየአራት ዓመቱ የሚታደሰው የቦት ሴፍቲ ስኪም ምስክር ወረቀት ነው፤ እንደ ቦሎ ይቁጠሩት። ጋዙን፣ ናፍጣውን፣ ኤሌክትሪኩንና ማስጠንቀቂያዎቹን ይመለከታል እንጂ ስለ ቀፎው ውፍረት አንዳች አይናገርም። «ምርመራ አልፋለች» ብሎ ሰርቬይ የሚያስቀር ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ነው። ሦስተኛው ላይሰንስ፣ ማለትም በካናሉ ላይ የመጠቀሚያ ፈቃድ፣ ነው፤ ከ2012 ጀምሮ ብዙዎቹን የእንግሊዝና የዌልስ ካናሎች የሚያስተዳድረው ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት ይሰጠዋል። ለ57 ጫማ በዓመት ከ1,000 ፓውንድ በላይ ነው። የሻጩ ላይሰንስ ወደ እርስዎ አይተላለፍም። ቴምዝ ላይ የሚወጣ ሰው ከኢንቫይሮንመንት ኤጀንሲ ሌላ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

የማቆሚያ ቦታም አብሮ የሚሸጥ መስሎ ይነገራል፤ በተለይ ለንደን ውስጥ። አብዛኛውን ጊዜ አይተላለፍም፤ የቦታውን ባለቤት ራሱን በጽሑፍ ይጠይቁ። ቋሚ ማቆሚያ የሌለው ሰው በ1995ቱ የብሪቲሽ ዋተርዌይስ አዋጅ መሠረት በአንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ መቆየት አይችልም። ከአንዱ ድልድይ ወደ ሌላው እየተመላለሱ መኖርም አይቆጠርም፤ ትረስቱ በላይሰንሱ ዘመን ከ20 ማይል ያነሰ ክልል ውስጥ የተንቀሳቀሰ ሰው ሊያሳምነኝ መቻሉ እጅግ ያጠራጥራል ይላል። ሥራና የልጆች ትምህርት ቤት በአንድ ሰፈር ያለው ቤተሰብ ይህን ሳያሰላ እንዳይገባ። ባንክና መንጃ ፈቃድም አድራሻ ይጠይቃሉ፤ የሐኪም ምዝገባ ግን የአድራሻ ማስረጃ የግድ አይልም።

ከሰል፣ ጋዝና ምጣድ

ይህን ክፍል አገር ቤት ያደገ ሰው ሁሉ ቆም ብሎ ያንብበው። የቡና ከሰል ወይም የዕጣን ፍም ጀልባ ውስጥ አይግባ፤ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን፣ መስኮት ተከፍቶም ቢሆን። ካቢኑ ሁለት ሜትር የሚሰፋ የብረት ሳጥን ነው፤ ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዘኛ ጋዝ ሽታ የለውም፣ እንቅልፍ መስሎ ይወስዳል። ቡናውን ጋዝ ላይ ያፍሉ፣ ፍሙን ወጥተው ሜዳ ላይ ያድርጉት፤ የፍም ማንደጃ እየበረደም መርዙ ስለማይቆም መልሰው አያስገቡት። ሰው የሚያድርባት ጀልባ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ እንዲኖራት ከሚያዝያ 2019 ጀምሮ ግዴታ ነው፤ አንዱን ምድጃው ካለበት ክፍል፣ ሌላውን ከመኝታው አጠገብ ይስቀሉ። የምድጃው በር ዙሪያ ያለው የገመድ ማሸጊያ ከሳሳ ከመጀመሪያው እሳት በፊት ይቀየር።

የጀልባ ጋዝ ፕሮፔን ነው፤ 13 ኪሎ ሲሊንደር ይበዛል። ቡቴን በብርድ አይተንም። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈተልክ ወለል ስር ይተኛል፤ ሲሊንደሩ ታችኛው ክፍሉ ወደ ውጭ በሚያፈስስ ሳጥን ውስጥ የሚቀመጠውም ለዚህ ነው። ያ ማፍሰሻ በቅጠል ወይም በገመድ እንዳልተደፈነ ያረጋግጡ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላቸው ሰዎች ሒሳቡን ቀድመው ይሥሩ። 1,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ12 ቮልት ባትሪ ላይ 125 አምፔር ይጠይቃል፤ ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ኃይል የሚቀይረው ዕቃ) የሚያባክነው ሲታከል 140 ይጠጋል። አራት ባለ 110 አምፔር-ሰዓት ባትሪዎች ቢኖሩ፣ የተለመዱት የእርሳስ ባትሪዎች ከግማሽ በታች ሲወርዱ ስለሚበላሹ፣ መጠቀም የሚቻለው 220 ያህል ነው። የአንድ ሰዓት እንጀራ መጋገር ከዚያ ውስጥ ከግማሽ በላዩን ይወስዳል። ስለዚህ እንጀራ የሚጋገረው ከየብስ መብራት ሲሰኩ ነው፤ እሱም ባለ 16 አምፔር መስመር ከሆነ። ባለ 6 አምፔር መስመር 1,380 ዋት ስለማያልፍ ምጣዱ ያቋርጠዋል።

ከመነሳትዎ በፊት

ለመንዳት መንጃ ፈቃድ አይጠየቅም። ቢሆንም አርዋይኤ (የብሪታንያ የጀልባ ነጂዎች ማኅበር) የሚሰጠውን የአንድ ወይም የሁለት ቀን የካናል ነጂዎች ኮርስ በራስዎ ጀልባ ላይ ይውሰዱ፤ ካናል ላይ ለሚጀምር ሰው ዋጋ አለው።

የሚገዙት ዕቃ ብዙ አይደለም። ሎክ የሚከፈትበት ዊንድላስ የተባለ የብረት እጀታ ቢያንስ ሁለት፤ አንዱ ውሃ ውስጥ መግባቱ አይቀርም፣ ጠንካራ ማግኔት በገመድ አስረው ይያዙ። የውሃ መቅጃና የመድፊያ ጣቢያዎችን የሚከፍተው የትረስቱ ቁልፍ፣ ከቡሽ ተንሳፋፊ ጋር የታሰረ። ሦስት የብረት ካስማና መዶሻ፣ ለብረት ዳርቻዎች ደግሞ ሁለት መንጠቆ። ሦስት ገመድ፦ የፊት፣ የኋላና የመሃል። የመሃሉ ነጂው ጋ ይድረስ እንጂ ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ፕሮፔለሩን እንዳይነካ ይቆረጥ። ረጅም እንጨት፣ የእጅ ባትሪ፣ ለያንዳንዱ ሰው የሚስማማ የሕይወት አድን ጃኬት፣ ጥርስ ያለው የዳቦ ቢላዋና እስከ ክንድ የሚደርስ የጎማ ጓንት።

ቢላዋው ለምን እንደሆነ እነሆ። ፕሮፔለሩ ላይ ላስቲክ፣ ልብስ፣ የአጥር ሽቦ ይጠመጠማል፤ ሞተሩ ይከብደዋል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ጀልባዋ አትጎተትም። ከኋላ ወለል ስር ዊድ ሃች የሚባል ክዳን አለ፤ እሱን ከፍተው በእጅ ፕሮፔለሩን ያገኙታል። ሞተሩን ያጥፉ፣ ቁልፉን ነቅለው ኪስዎ ይክተቱ፣ ከዚያ ብቻ እጅዎን ያስገቡ። ሲጨርሱ ክዳኑን መልሰው እስኪጠብቅ ድረስ ያጥብቁት፤ ሞተሩን አስነስተው በቀስታ ማርሽ አስገብተው ዙሪያውን በባትሪ ይዩ። ክዳኑ ላልቶ ከተተወ ፕሮፔለሩ ውሃውን ወደ ሞተር ክፍሉ እየገፋ በደቂቃዎች ውስጥ ጀልባዋን ሊያሰምጣት ይችላል። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ የካናል ውሃ በአይጥ ሽንት የሚተላለፍ በሽታ ሊኖርበት ይችላል።

በየጠዋቱ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፦ ዘይት፣ የማቀዝቀዣ ውሃ፣ የዲናሞው ቺንጋ (በጣት ሲጫኑት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይገፋል)፣ ከሞተሩ ስር ያለው ውሃ። ዘይት በየ250 ሰዓቱ ይቀየራል። ናፍጣ በሰዓት ከአንድ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ትወስዳለች። ታንኩ ሞልቶ ቢያድር ይሻላል፤ ባዶ ታንክ ግድግዳው ላይ ላበት ይሠራል፣ ውሃውም ናፍጣው ውስጥ ይወርዳል።

መሪውን ሲይዙ

መሪው ቲለር የሚባል ረጅም ዘንግ ነው። ወደ ግራ ሲገፉት የጀልባዋ አፍንጫ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ጀልባዋ የምትዞረው በመሃሏ ነው፤ አፍንጫዋ ወደ ቀኝ ሲሄድ ኋላዋ ወደ ግራ ይወረወራል፣ ከዳርቻው ቶሎ ሊያጥፏት ሲሞክሩ ኋላዋ ግንብ የሚመታውም ለዚህ ነው። ፍሬን የላትም፤ የምትቆመው በኋላ ማርሽ ነው፣ ወደ ኋላ ስትሄድ ደግሞ መሪው አይታዘዝም። ስለዚህ ሁሉንም ነገር ቀድመው፣ በቀስታ።

የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 4 ማይል ነው፤ ብዙ ቦታ ግን ከዚያ በታች ይሄዳሉ። ወደ ኋላ ዞር ብለው ዳርቻው ላይ የሚሰበር ማዕበል ካዩ ፈጥነዋል። የቆሙ ጀልባዎች ጋ ሲደርሱ ሞተሩን ወደ ዝቅተኛው ያውርዱ፤ የሚያልፍ ጀልባ የሚስበው ውሃ ካስማቸውን ይነቅላል። ከፊት የሚመጣ ሲያገኙ በቀኝ ይለፉ፣ ከዚያ ወደ መሃል ይመለሱ፤ ጥልቀቱ ያለው መሃል ላይ ነው። ደለል ላይ ከወጡ ወደ ፊት አይታገሉ፤ በመጡበት በኋላ ማርሽ ይውጡ። ሰው ውሃ ውስጥ ከወደቀ መጀመሪያ ማርሹን ነፃ ያድርጉ፣ ከዚያ «ቁም!» ይበሉት፤ አብዛኛው ካናል ከወገብ ብዙ አያልፍም። ወደ ሰውየው በኋላ ማርሽ አይሂዱ።

በሎክ መውረድ

አደጋው የሚበዛው በመውረድ ላይ ስለሆነ ቅደም ተከተሉን ሳይዘሉ ይሂዱ።

1. በጎን የተንጠለጠሉትን የግጭት መከላከያዎች ያንሱ። ያችን አምስት ሴንቲ ሜትር ያስታውሱ፤ መከላከያ ከተሰነቀረ ጀልባዋ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥላ ትቀራለች።

2. ከታች የሚመጣ ጀልባ መኖሩን ይዩ። ሎኩ ባዶ ከሆነና ሰው እየመጣ ከሆነ ተራው የእርሱ ነው። ከሌለ የታችኛው በርና ፓድሎቹ (ውሃ የሚለቁት ትናንሽ መዝጊያዎች) መዘጋታቸውን አይተው በላይኛው ፓድል ይሙሉት። በሩ እንቢ ካለ ውሃው ገና እኩል አልሆነም፤ በጉልበት አይሞክሩ።

3. ገብተው ወደ ፊት ይጠጉ፤ የላይኛው በርና ፓድል ይዘጋ።

4. አሁን የግድግዳውን ነጭ መስመር ይፈልጉ። ከላይኛው በር ስር ወደ ውስጥ የሚወጣ የግንብ ደፍ አለ፤ ሎኩ ሙሉ ሲሆን አይታይም። የጀልባዋ ኋላ፣ መሪዋን ጨምሮ፣ ከመስመሩ ፊት መሆን አለበት።

5. የታችኛውን ፓድል ግማሽ ብቻ ይክፈቱ፤ ነጂውን አይተው ጀልባዋ ካልተንቀሳቀሰች ቀሪውን። ነጂው ዓይኑን ከመስመሩ አያንሳ።

6. ሲጨርሱ ፓድሉን በዊንድላስ እያዞሩ ያውርዱት፣ አይልቀቁት፤ በሮቹንም ይዝጉ።

ኋላዋ ደፉ ላይ ከተቀመጠ ውሃው ሲወርድ አፍንጫዋ ይዘቀዘቃል፣ ውሃም በፊት በር ይገባል። ይህን ያየ ሰው ሳይጮህ ሁለት ነገር ያደርጋል፦ የታችኛውን ፓድል ወዲያው ይዘጋል፣ ከዚያ የላይኛውን በቀስታ ከፍቶ ውሃውን መልሶ ያነሳል። ሌላው አደጋ ዊንድላሱ ነው። ፓድሉን የሚይዘው ጥርስ ቢያመልጥ ዘንጉ ላይ የተተወ እጀታ ተሽከርክሮ እጅ ይሰብራል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ በእጅዎ ይሁን። በሎክ ወደ ላይ ሲወጡ ደግሞ የላይኛውን ፓድል ቀስ ብለው ይክፈቱ፤ የሚገባው ውሃ ጀልባዋን ወደ ፊት ይጎትታል፣ አፍንጫዋም በሩ ላይ ካለ እንጨት ስር ሊያዝ ይችላል።

የመጀመሪያው መንገድ

ለመጀመሪያ ጉዞ የምንመርጠው ከብራውንስተን ወደ ሆክስበሪ መገናኛ የሚሄደውን ሰሜናዊ የኦክስፎርድ ካናል ነው። 23 ማይል ያህል ነው፤ ሎኮቹ አራት ብቻ። ከብራውንስተን እስከ ሂልሞርተን ሰባት ማይል ገደማ ሎክ ስለሌለ መሪውን ለመልመድ ይበቃል። ሂልሞርተን ላይ ሦስት ጊዜ ይወርዳሉ፤ ሎኮቹ መንታ ስለሆኑ አንዱ ቢያዝ ሌላውን ይጠቀማሉ፣ አጠገብዎ ያለውን ሰው አሠራርም ያያሉ። ራግቢን አልፈው ከ250 ያርድ የማይበልጥ የኒውቦልድ ዋሻ አለ፤ የፊት መብራት ያብሩ፣ ባትሪም እጅዎ ላይ ይኑር። አራተኛው ሎክ ሆክስበሪ ላይ ነው፤ የውሃው የከፍታ ልዩነት ትንሽ ነው። ከዚያ ወዲያ ኮቨንትሪ ካናል ይገባሉ፤ በማርስተን መገናኛ ወደ አሽቢ ካናል ከታጠፉ ሎክ የሌለው 22 ማይል ይጠብቅዎታል።

ጊዜውን ለማስላት ማይሉንና ሎኮቹን ደምረው ለሦስት ያካፍሉ፦ 23 ሲደመር 4፣ 27፤ ለሦስት ሲካፈል ዘጠኝ ሰዓት። ጀማሪ በዚህ ፍጥነት አይሄድም፤ ሦስት ቀን ይስጡት፣ የመጀመሪያውን ቀን ከአራት ሰዓት አያሳልፉ። ከመነሳትዎ በፊት የትረስቱን የመዝጊያ ማስታወቂያ ያንብቡ። ከኅዳር እስከ መጋቢት ለጥገና የሚዘጉ ሎኮች አሉ፤ በ2025 በጋ ደግሞ በድርቅ የተነሳ ሊድስ ኤንድ ሊቨርፑልን የመሰሉ ካናሎች ለጀልባ ዝግ ነበሩ።

ማታ ሲያቆሙ ከመታጠፊያ፣ ከድልድይ፣ ከሎክ መጠበቂያና ከውሃ መቅጃ ራቁ። የፊቱንና የኋላውን ገመድ ከጀልባዋ ወደ ውጭ በሰያፍ አውጥተው ጠበቅ ያድርጉ። የመሃሉን አይጠብቁት፤ ጣሪያው ላይ ስለታሰረ ሰው ባለፈ ቁጥር ጀልባዋን ያጋድላታል። ሞተር ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት፣ በእንግሊዞቹ ከ8 እስከ 8፣ አይነሳም። ዘንጉ ከቀፎው የሚወጣበት ቦታ ግራሶ የሚገፋውን እጀታ እስኪከብድ ያዙሩት፤ ከዚያ በኋላ ውሃ መንጠብ የለበትም። ጋዙን ሲሊንደሩ ላይ ይዝጉ። ጠዋት ምንም ሳያበሩ ባትሪውን ይለኩ፤ 12.2 ቮልት ግማሽ ነው። ከዚያ በታች ካነበበ በዚያን ቀን ረዘም አድርገው ይንዱ፣ ካልሆነም የሚሰኩበት ማሪና ያድሩ።